አባ ብለዋል

የእናቴ ቤት ካዛንቺስ ነበር። ሰፈሩ ፈርሶ መንገድና ሣር ሆኗል፤ ቤታችን የት ጋ እንደነበር ለማሳየት ዛሬ ከአንድ የመብራት ምሰሶ ሌላ የምጠቁምበት የለኝም። እህቴን የዋሸሁበት ክፍልም አብሮ ሄዷል። ውሸቱ ግን አልፈረሰም፤ የምጽፈው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የእሷን ልናገር። እሷም ንጹሕ አይደለችም።

ታናሽ እህቴ ልጇን ስትወልድ እኔ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር። ባልም ልጅም አልነበረኝም። ሕፃኗን በሰማንያ ቀኗ ከጥምቀቱ ውኃ የተቀበልኳት እኔ ነኝ፤ ክርስትና እናቷ ሆንኩ። አባ የምንላቸው የቤተሰባችን የንስሐ አባት ጥቁሩን ክር አንገቷ ላይ አስረው፣ «እንግዲህ ሁለት እናት አላት፤ አንዷ የሥጋ፣ አንዷ የመንፈስ» አሉ። ይህን ቃል እንደ ርስት ያዝኩት።

ልጅቷ ስድስት ዓመት ሲሞላት እህቴ ጴንጤ ሆነች። አንድ ቅዳሜ ልጅቷ እኛ ጋ መጥታ ሳጥባት አንገቷ ባዶ ነው።

«ማዕተብሽስ?»

«እማዬ በመቀስ ቆረጠችው።»

አዲስ አሰርኩላት። በሳምንቱ ተቆርጦባት መጣች። እንደገና አሰርኩላት። እህቴ ትቆርጣለች፣ እኔ አስራለሁ፤ ልጅቷ አንገቷን ለሁለታችንም በዝምታ ትሰጥ ነበር። ያኔ የሚታየኝ የእህቴ መቀስ ብቻ ነበር።

ሌላም አለ። እናታችን አልጋ ላይ ስትውል ያስታመምኳት እኔ ነኝ። እህቴ በሳምንት ሦስት ቀን ጸሎት ፕሮግራም አላት። አንድ ቀን አንዲት የማላውቃት ሴት በር አንኳኳች።

«እህታችን እዚህ መጥታለች?»

«የማን እህት?»

«የእኛ። በጌታ ቤተሰብ ነን።»

«እኔ ደግሞ በእናቷ ነኝ። እናትየዋም ያቻትና ተኝታለች። ቤተሰብ ከሆናችሁ ግቡና አገላብጡልኝ!»

ይህን መልሴን ለስንቱ ሰው ተናግሬ አስቄበታለሁ። ያልተናገርኩት ግን ሴትየዋ ገብታ እናቴን ማገላበጧን ነው። ጀርባዋን በሞቀ ውኃ አጥባ፣ አንሶላውን ለውጣ፣ ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ሄደች።

ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት ክሩን ራሷ መረጠች። ዕቃዋን ይዛ እኔ ክፍል ገባች፤ «እማማ» እያለች ትጠራኝ ጀመር። አሸነፍኩ አልኩ። በልቤ ነው ያልኩት፣ ግን ብያለሁ።

በሃያ አምስት ዓመቷ በቁርባን ልታገባ ሆነ፤ እዚያው ቂርቆስ፣ ክርስትና በተነሣችበት ቤተ ክርስቲያን። ሠርጉ እሁድ ሊሆን ዓርብ ዕለት እህቴ መጣች። አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ ቅዳሴው ላይ ልቁም ብዬ ነው። ከኋላ። ጫማዬን አውልቄ፣ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ። ማንንም አላስቸግርም።»

«አይሆንም።»

«ልጄ እኮ ናት!»

«አባ ብለዋል።»

አባ አላሉም። አልጠየቅኳቸውምም።

በእኛ ቤት «አባ ብለዋል» ከተባለ በኋላ የሚናገር ሰው የለም። አባታችን አረቄ የተወው በዚህ ቃል ነው። እኔም አንድ ጊዜ ላገባው የነበረ ሰው የቀረብኝ በዚህ ቃል ነው፤ እሱን እዚህ አልጽፍም።

«እኔን? ስሜን ጠርተው?» አለች።

«ስምሽን ጠርተው።»

ቦርሳዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «እሺ። እሳቸው ካሉ እሺ።»

ቤተ ክርስቲያኑን ትታ ስታበቃ እሳቸውን መታዘዝ አልተወችም ነበር። ይህን አውቃለሁ። በማወቄም ነው ያልኩት።

እሁድ ሙሽሮቹ ካባ ለብሰው፣ አክሊል ደፍተው ሲወጡ ከመንገዱ ማዶ፣ ጧፍ ሻጮቹ አጠገብ አየኋት። አዲስ ነጠላ ለብሳለች። በሰው ትከሻ አሻግራ ለማየት በእግሯ ጣት ቆማ ነበር።

ሙሽሪት ጆሮዬ ሥር፣ «እማዬስ?» አለችኝ።

«አልመጣችም። ሃይማኖቷ አይፈቅድላትም መሰለኝ» አልኳትና ትከሻዋን ይዤ ወደ መኪናው አዞርኳት።

በኋላ ልጅቷ እናቷን ጠይቃት ነበር። «ሳይመቸኝ ቀርቶ ነው» አለቻት አሉ። ልጇ አባን እንዳትጠላ ብላ ነው። ልጅቷ ግን እናቷ ንቃት የቀረች መሰላት። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት እናትና ልጅ በዓል በመጣ ቁጥር በስልክ «እንኳን አደረሰሽ» ከመባባል አላለፉም። እኔ በየጾሙ ንስሐ ገባሁ። ሐሜቴን ተናገርኩ፣ ቁጣዬን ተናገርኩ። ይህን አልተናገርኩም። በስምዎ ዋሸሁ ብዬ ለራሳቸው እንዴት እነግራቸዋለሁ?

ዘንድሮ ልጅቷ ወለደች፤ ሴት። «እማማ፣ ክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰው አላስብም» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ሳልናገር ሕፃኗን ብቀበል ሁለተኛ መስረቄ ነው፤ ብናገር ደግሞ ሁለቱንም አጣለሁ።

ከአዲሱ ሰፈሬ በለገሃር በኩል ሁለት ታክሲ ይዤ አባ ዘንድ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፅ ነው የሚለዩኝ። አፌን ሳልከፍት ቀደሙኝ።

«ያቺ ታናሽሽ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ አባ።»

«በልጇ ሠርግ ቀን ከሴቶቹ በኩል ወንበር አስቀምጬላት ነበር። እንደ እናታችሁ ጉልበቷን ያማታል አይደል? ሳትመጣ ቀረች። ምን አስቀይሜያት ይሆን እያልኩ እኖራለሁ።»

ነገርኳቸው። ስግደት የሚያዙኝ መስሎኝ ነበር፤ አልፈለጉትም። «ሂጂና ለሁለቱም በአፍሽ ንገሪያቸው» አሉ። «እስክትነግሪያቸው እኔ ጋ አትምጪ።»

እህቴ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። በሯ ላይ ቆሜ ነገርኳት። አልጮኸችም።

«ለልጅቷ ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?»

ለልጅቷ ስነግራት ሕፃኗ ጭኔ ላይ ነበረች። ሰምታኝ ስትጨርስ ተነሥታ ልጇን ከጭኔ ወሰደች። «ስምንት ዓመት፣ አክስቴ?» አለች። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ወዲህ አክስቴ ብላኝ አታውቅም።

በሰማንያኛው ቀን ሕፃኗን የተቀበለቻት የባሏ እህት ናት። አባ ወንበሩን አስቀምጠው ነበር፤ እህቴ መጥታ ተቀመጠችበት። እኔ ጫማዬን አውልቄ ከኋላ ቆምኩ፤ ያኔ ከሠርጉ በፊት ዓርብ ዕለት እህቴ ልቁምበት ብላ የለመነችኝ ቦታ ነው። ክሩ ሲታሰር የእህቴን እጆች አየሁ። ጭኗ ላይ ተጣጥፈው ነበር፤ አልተነቃነቁም። መቀሱን ግን ዛሬም ይቅር አላልኳትም። ይቅርታ መጠየቅና ይቅር ማለት ለየቅል ናቸው፤ እኔ ገና የመጀመሪያውን ነው ያደረግኩት።

ልጅቷ ዞር ብላ እናቷን በእጇ ጠራቻት። እህቴ እያነከሰች ሄዳ የልጅ ልጇን ታቀፈች።

ወንበሩ ባዶ ሆነ። የእናታችን ጉልበት ለእኔም ደርሶኛል፤ ያን ቀን ክፉኛ ያመኝ ነበር። አንዲት ሴት፣ «እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለችኝ።

«የሰው ነው» አልኳት፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆምኩ።