በየወሩ የምትመጣው ቅድስት

ካዛንቺስ የኖርኩበት ቤት ዛሬ የለም፤ ፈርሶ መንገድ ሆኗል። ልጅ ሳለሁ በሠራተኝነት የገባሁበት ነው። የቤቱ እመቤት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ የካቶሊክ ሰው ነበሩ። እትዬ እላቸዋለሁ። አገር ቤት የቀረኝ ዘመድ ስላልነበረ፣ ከዚያ ቤት ብወጣ፣ በቃ፣ የምገባበት አልነበረኝም።

እትዬ በዓመት አንድ ቀን፣ በሚያዝያ ወር፣ ድፎ ዳቦ አስጋግረው በር ላይ ለተቸገረ ያድላሉ። የገባሁ ዓመት፣

"የማን ዝክር ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እንዳንቺው ሠራተኛ የነበረች ቅድስት ናት" አሉና ታሪኳን ነገሩኝ። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በጣሊያን አገር በአንድ ሀብታም ቤት ተቀጥራ ኖረች። አልመነኮሰችም፣ ገዳም አልገባችም፤ እስክትሞት እዚያው ቤት ስታጥብ፣ ስትጠርግ፣ ከድርሻዋ እየቀነሰች ድሃ ስታበላ። አንድ ቀን ዳቦ በሽርጧ ይዛ ስትወጣ ጌታዋ በር ላይ ያዛት። "ምንድን ነው? ግለጪ!" አላት። ብትገልጠው ዳቦው አበባ ሆኗል።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ጻድቅ የሚሆነው በረሃ የወረደ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰሃን አጣቢም ይሆናል! ደስታዬን የት ላድርገው? በማግስቱ ቦኖ ውሃ ለተሰለፈው ሁሉ አወራሁት።

እንግዲህ እኛ ኦርቶዶክሶቹ ዘንድ ቅዱስ በየወሩ ይመለሳል። ሚካኤል በአሥራ ሁለት፣ ገብርኤል በአሥራ ዘጠኝ እንደምንለው ማለቴ ነው። የእትዬ ቅድስት በዓመት አንዴ ብቻ ትውላለች ብሎ ማን ያስባል? እኔም አላሰብኩም። ልክ በወሩ፣ እትዬ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት፣ በሩ ተንኳኳ። ብከፍተው ደጁ በሰው ሞልቷል።

"ልጄ፣ ዝክሩ ደረሰ?" አሉኝ ምርኩዝ የያዙ አሮጊት።

ቤት ውስጥ ከሳምንቱ ስንዴ በቀር ምንም የለም። ልመልሳቸው አልቻልኩም፤ ሳልጠይቅ መስጠትም ፈራሁ። ግን እጄ ቀደመኝ፤ ስንዴውን በሽርጤ ዘግኜ ወደ ማድ ቤት ሳቋርጥ እትዬ በሰው መሃል ተጋፍተው ገቡ።

"ምን ሆኖ ነው ይሄ ሁሉ ሰው?"

"ቅድስቲቱ ... ወሯ ነው ብለው ነው፣ እትዬ።"

"ምን ወር አላት? በዓመት አንዴ ናት እኮ!"

"እንዴ፣ እመቤቴ!" አሉ አሮጊቷ ከበር። "ታዲያ እኛም በዓመት አንዴ ልንበላ ነው?"

ደጁ ሁሉ ሳቀ። እትዬ ግን አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ።

"ሽርጥሽ ውስጥ ምንድን ነው?"

አለቀልኝ አልኩ። ጨርቄን ጠቅልዬ የት እንደምሄድ እያሰብኩ፣ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ አፌ "አበባ ነው፣ እትዬ" አለ።

"ግለጪ።"

ገለጥኩት። ስንዴ ነው። ስንዴውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ የበሩን መቃን እስኪይዙ ድረስ ሳቁ።

"ተመስገን ነው! አበባ ቢሆን ኖሮ ምን ልናበላቸው ነበር? ሂጂ ጣጂው። ጨው እንዳትረሺ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ንፍሮው በየወሩ ሆነ። ስንዴ ባጠረን ወር ማዶ ያለው ስልጤ ባለሱቅ ሽንብራ ይልካል፤ "ቅድስታችሁ ከሩቅ አገር ነው የምትመጣው፣ ጦሟን እንዳትመለስ" እያለ። እኔን ከዚያ ቤት ማንም አላስወጣኝም። እትዬ ሲሞቱ ዓይናቸውን የከደንኩላቸው እኔ ነኝ፤ እስከ መጨረሻው "ልጄ" ሲሉኝ ኖረው።

አሁን ጎተራ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ዛሬ የቅድስቲቱ ቀን ነው፣ ድስቱም ተጥዷል። ዘበኛው ከታች "እማማ፣ ሰዎቹ መጥተዋል!" ብሎ ተጣራ። ጨው መጨመሬን ቀምሼ ልይና ልውረድ።