ክርስትናዋ ላይ አልነበርኩም

ክፉ ጊዜ ሰውን ይለውጣል ሲሉ እሰማለሁ። እኔን አልለወጠኝም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

በደርግ ጊዜ ከጎጃም መጥቼ፣ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ ጥጥ እየፈተልኩ እኖር ነበር። አከራዬ ውሸት የማይከብዳት ሴት ነበረች። ቅራሪውን ጉሽ ነው ብላ በሚካኤል ትምላለች። እኔ ደግሞ ለነፍሴ እፈራለሁ፤ እንኳን ልምል፣ ያላየሁትን ወሬ «ይመስለኛል» ሳልል አልናገርም። መንደሩም በዚሁ ያውቀኛል። እሷ «መነኩሲት» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

የአሰሳው ሰሞን፣ የአከራዬ ወዳጅ የሆኑ እናት ከአስኮ ሴት ልጃቸውን አምጥተው እኛ ዘንድ ሸሸጓት። ጓደኞቿ ታስረው ስሟ ተነሥቶ ነበር። ዘጠኝ ቀን ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኛች። ቀን ቀን ከጥጤ ፍሬውን ትለቅምልኛለች።

አንድ ጠዋት ጠብመንጃ የያዙ ሦስት የቀበሌ ሰዎች ገቡ።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አለ አለቃቸው።

«የክርስትና ልጄ ናታ!» አለች አከራዬ፣ ከምታጥበው ጋን ቀና እንኳ ሳትል። «ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀኝ መጥታ ነው። ሚካኤልን! በእነዚህ እጆቼ ታቅፌ ነው ያስጠመቅኋት።»

ሰውየው ሳቀ። ጠላዋን ያውቀዋል። «እትዬ፣ ትናንት ቅራሪውን ጉሽ ነው ብለሽ አጠጥተሽኝ የለ!» አለና ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ፣ አንቺ አትዋሺም። እውነቷን ነው?»

«አዎ» ማለት ብቻ ነበር። ልጅቷ ጥጡን እንደያዘች ታየኛለች። ፈራሁ፤ ጠብመንጃውን ይሁን እግዜርን፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ብቻ ኃጢአት የሌለበት ቃል ፈለግሁ፣ አገኘሁም።

«እኔ ክርስትናዋ ላይ አልነበርኩም» አልኩ።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ወሰዷት።

አከራዬ አልሰደበችኝም። ጋኑን ደፍታ፣ «እንኳን አልዋሸሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ መነኩሲት ብላኝ አታውቅም።

እናቲቱ በየሳምንቱ ይመጡ ጀመር። አከራዬ ያው አከራዬ ናት። «ደኅና ናት እኮ! ስንቅ የምታቀብል ሴት አይታታለች፤ እንዲያውም ወፈር ብላለች አሉ። ሚካኤልን!» ትላቸዋለች። እሳቸውም እንባቸውን ጠርገው፣ የቀረበላቸውን ትንሽ ይቀምሳሉ። ስትፈታ ትለብሰዋለች ብለው ቀሚሷን አጥበው ይዘው ይመላለሱ ነበር።

አንድ ቀን አከራዬ ገበያ ስትወርድ እኔ ክፍል ገቡ።

«ልጄ፣ እሷ ወሬ ማሳመር ትወዳለች። አንቺ ንገሪኝ። አየቻት የተባለችው ሴት የእውነት አለች?»

ንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ «ምነው በዋሸሁ» ብዬ አልቅሻለሁ። ይኸው ዕድሉ መጣ። እንዝርቴን ያዝ አደረግሁ።

«እኔ አላየኋትም» አልኩ።

እናቲቱ ቀሚሱን እጥፉን ሳይፈቱ አልጋዬ ላይ፣ ልጅቷ ትተኛበት በነበረው በኩል አስቀምጠው ወጡ። ተመልሰው አልመጡም።