አለ ያልኩት ውሃ

ሲናና ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያችን ጄሪካን ተሸክማ የምትሄድ እናት ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ።

የጤና ጣቢያውን አገልግሎት ነዋሪው በነጥብ እንዲመዝን የተሰበሰብን ዕለት፣ «ማዋለጃ ክፍሉ ውሃ አለው የምትሉ እጅ አውጡ» አሉ ከወረዳ የመጡት። ምን ውሃ አለው! ልጄ ስትወልድ ከምንጭ በጄሪካን ያመላለስኩት እኔው ነኝ። ግን ያዋለደቻት ነርስ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ በሰው ፊት እንዴት ላሳጣት? ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ሰዉም ተከተለኝ። «እናንተማ ውሃ አላችሁ» ተብሎ ለጤና ጣቢያው ቧንቧ ታስቦ የነበረው በጀት ለሌላ ቀበሌ ሆነ።

ስንወጣ ነርሷ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«እማማ፣ እኔ ብናገር ብናገር ሰሚ አጥቼ እኮ ነው እናንተን ያስጠራሁት» አለችኝ።