ቀኝ ሲባል ወደ ግራ

ይህ የሆነው ባለፈው ጥር፣ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ፣ በአንድ የመሥሪያ ቤታችን ልጅ ሰርግ ላይ ነው። ሰው አልሞተም፣ ንብረት አልጠፋም። እንዲያውም የጭፈራ ዘፈን ነገር ነው። ግን እኔ ከዚያ ቀን በፊት ጭንቅላቴ ደህና መሆኑን መጠራጠር ጀምሬ ነበር፤ የማልረሳውም ለዚህ ነው።

ዘፈኑን በእኛ አካባቢ የማያውቀው የለም። ሰውን የሚያዝዝ ዘፈን ነው። «ወደ ቀኝ» ሲል ሰዉ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ «ወደ ግራ» ሲል ወደ ግራ። ከዚያ «አጨብጭብ»፣ «ቁጭ»፣ «ብድግ»፣ «ዙር» ይልና ሙዚቃው ለአፍታ ቀጥ ይላል። ሰዉ ይጮሃል። ከዚያ እንደገና ከ«ወደ ቀኝ» ይጀምራል። በቃ፣ ይኸው ነው። ባጃጅ ውስጥ እሱ፣ ምረቃ ላይ እሱ፣ የልጆች ልደት ላይ እሱ። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ያለ እሱ የሚያልቅ ሰርግ ያለ አይመስለኝም።

ለምን እንደተወደደ አልጠፋኝም። እኛ ጋ አብዛኛው ቤተሰብ ጴንጤ ነው፤ ሰርጉ በመዝሙር ነው፤ የዓለም ዘፈን ከተከፈተ ሽማግሌዎቹ ተነስተው ይወጣሉ። ይሄኛው ግን ፍቅር የለበት፣ መጠጥ የለበት፣ ዓይንሽ ጥርስሽ የለበት። ምን ተብሎ ይከልከል? «ይሄ እንኳ ስፖርት ነው» ይሉና ያልፉታል። ወጣቱ ደግሞ ይህችን ቀዳዳ ካገኘ ወዲያ ማን ይመልሰዋል። መጨፈር የማይችለውም፣ ዓይነ አፋሩም፣ አያቱም የልጅ ልጁም የታዘዘውን ማድረግ አያቅተውም።

ከየት መጣ ሲባል ግን ሁሉም የየራሱን ይላል። አንዱ ከአዲስ አበባ ነው ይላል፣ ሌላው ከወላይታ። የቢሮአችን ገንዘብ ያዥ ደግሞ የፈረንጅ ነው፣ ተተርጉሞ ነው ብሎ ይምላል።

እኔ የማውቀው ሌላ ነው። ያ ዘፈን የአባቴ ነው።

አባቴ ከሞርሲቶ ወጣ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ አስተማሪ ነበር። ቦታው ብርድ ነው፤ ጠዋት ሰልፍ ላይ ጉሙ የፊት ለፊትህን ልጅ አያሳይም። ሹራብ ያለው ልጅ ብርቅ ነበር። ጣታችን ደርቆ እርሳስ መያዝ ሲያቅተን አባቴ ክፍል ከመግባታችን በፊት በዜማ ያዝዘን ነበር። ቀኝ፣ ግራ፣ አጨብጭብ፣ ቁጭ፣ ብድግ፣ ዙር። ልክ የአሁኑ፣ ዜማው ሳይቀር።

እሱ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ነበር የሚቆመው። «ወደ ቀኝ» ሲል በራሱ ቀኝ በኩል ይሄዳል። እኛ ዓይናችን እሱ ላይ ስለሆነ እሱ የሄደበትን እንከተላለን፤ ያ ደግሞ ለእኛ ግራ ነው። ዳይሬክተሩ ልጆቹን እያጣመምካቸው ነው ብሎ ቢናገረው አባቴ «አንድ ላይ ከሄዱ ምን አለበት» አለው፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። ስለዚህ እኔ ያንን ዜማ ስሰማ እስከ ዛሬ ቀኝ ሲባል ወደ ግራ ነው የምሄደው። ቀኜን ከግራዬ ለይቼ አውቃለሁ፣ እግሬ ግን አይታዘዘኝም።

ከ«ዙር» በኋላ ደግሞ፣ አሁን ሙዚቃው ቀጥ በሚልበት ቦታ ላይ፣ አንድ ትዕዛዝ ነበረች። «የጎንህን እጅ ያዝ፣ እስኪሞቅ አትልቀቅ» ትላለች። በዚህም በዚያም ያለውን ልጅ እጅ ይዘን እናሻለን። የእኔ እጅ በጋ ከክረምት ቀዝቃዛ ስለሆነ ማንም ከጎኔ መቆም አይፈልግም ነበር። አባቴ ታናሽ ወንድሜን አምጥቶ ከጎኔ አቆመው። ወንድሜ እየተነጫነጨ ያሽልኝ ነበር፣ ግን አይለቅም።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ነበር። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ልጆች ታስጨፍራለህ አሉ ብለው ሲጠይቁት «ዘፈን አይደለም፣ ስፖርት ነው» ብሏቸዋል። ዛሬ በየሰርጉ የሚባለውን ስሰማ ያችም ቃል ከእሱ የተወረሰች ትመስለኛለች።

አባቴ ካቻምና አረፈ። እናታችን ቀድማዋለች። ወንድሜ እንደ አገሩ ልጅ ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ የሰው ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። እኔ አላገባሁም፤ ሆሳዕና አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ከሥራ ስገባ እንዴት ዋልሽ የሚለኝ የለም። ይህን የምጽፈው እዘኑልኝ ብዬ አይደለም፣ ነገሩ እንዲገባችሁ ነው።

ዘፈኑ የወጣው አባቴ ከሞተ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነበር፤ ሰፈሬ ሳልደርስ ወርጄ መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ። ማን አግኝቶ እንዳወጣው አላውቅም። የአባቴ ተማሪዎች ራሳቸው አስተማሪ ሆነው ሌላ ወረዳ፣ ፎንቆም አንጋጫም ደርሰዋል። እነሱ ይዘውት ሄደው፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ዞሮ፣ በመጨረሻ አንዱ ጎረምሳ ሙዚቃ ጨምሮበት ይሆናል። አልተቆጣሁም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ይሄ እኮ የአባቴ ነው አልኩ።

ሳቁብኝ። ገንዘብ ያዡ «ብሔራዊ መዝሙሩንስ የደረሰው ማነው? አጎትሽ?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አዲስ ዘፈን በወጣ ቁጥር ይሄስ የአባትሽ ነው እያሉ ይጠይቁኛል።

ዘፈኑን ለወንድሜ በስልክ ላኩለት። ይህን ታስታውሳለህ ብዬ ጻፍኩለት። ሲቆይ ሲቆይ «አላስታውስም፣ ልጅ ነበርኩ» ብሎ መለሰ። የቀረኝ ምስክር እሱ ነበር። አብረውኝ የተማሩት ግማሾቹ እሱ ያለበት አገር፣ ግማሾቹ ዓረብ አገር ናቸው። መንደራችን ሄጄ ልጠይቅ አስቤ ነበር። እነሱም አናስታውስም ቢሉኝስ? ፈራሁና ተውኩት። ሰው አባቱን ሲናፍቅ ያልነበረ ነገር ይታየዋል ይባላል። እኔም አባቴን እዚያ ጉም ውስጥ ራሴ ፈጥሬው ይሆን እንዴ ማለት ጀመርኩ።

እንግዲህ ሰርጉ። ዘነበች የምትባል የቢሮዬ ልጅ ናት ጎትታ የወሰደችኝ፤ ለብቻሽ ቤት ተዘግተሽ ምን ታደርጊያለሽ ብላ። ምሳ ተበላ፣ ተዘመረ፣ ተመረቀ። ሽማግሌዎቹ ወንበራቸውን ወደ ዳር ሳብ ሲያደርጉ ምን እንደሚመጣ ገባኝ። ያ ዘፈን ተከፈተ። እኔ አልነሳም ብል ዘነበች እጄን ይዛ አስነሳችኝ።

«ወደ ቀኝ» አለ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ወደ ቀኝ ሲሄድ እኔ ወደ ግራ ሄጄ የዘነበችን እግር ረገጥኩ። ገንዘብ ያዡ ከኋላ ሆኖ «አባቷ ደርሰውት እሷ አትችለውም» አለ። የቢሮው ሰው ሁሉ ሳቀ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ቀልዱ ነው። እኔ ግን ቦርሳዬን ከወንበሩ ላንሳና በየት በኩል ልውጣ እያልኩ በሩን ማየት ጀመርኩ።

ያኔ ከፊት ለፊት፣ ከሙሽሮቹ አጠገብ፣ ግርግር ተሰማ። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ግዙፍ ሰውዬ ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ግራ ሄዶ ሚዜውን ገጭቶት ኖሯል፤ ሚዜው በእጁ የያዘው ለስላሳ ሸሚዙ ላይ ተደፍቷል። የሙሽራዋ አጎት ናቸው ተባለ። ይቅርታ ጠይቀው እንደገና ተሰለፉ። እንደገና ወደ ግራ ሄዱ።

ተሳስተው ይሆናል አልኩ ለራሴ። ስንት ሰው ይሳሳታል። ግን ከበሩ ዓይኔን መልሼ እሳቸውን ማየት ጀመርኩ። አጨበጨቡ፣ ቁጭ አሉ፣ በመከራ ብድግ አሉ፣ ዞሩ። ሙዚቃው ቀጥ አለ። ሰዉ ጮኸ።

እኔ እዚያች ቦታ ላይ ሁልጊዜ ቦርሳዬን ነበር የምይዘው፤ አለዚያ እጄ በራሱ ይዘረጋል። ያን ቀን ቦርሳው ወንበር ላይ ነበርና እጄ ተዘረጋ። ቀና ስል ሰውዬውም በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ሁለት እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ቆመዋል። የያዛቸው ሰው የለም። እጃቸውን አዩትና እንደ ማፈር ብለው ሊሰበስቡ ሲሉ እኔን አዩኝ።

ዘፈኑ እንደገና ጀምሯል። እሳቸው ሰዉን እየከፈሉ መጡ። ፊቴ ቆመው በሃዲይኛ የማን ልጅ ነሽ አሉኝ።

«የመምህር ሎምበሶ» አልኩ።

ሁለት እጄን ይዘው ማሸት ጀመሩ፤ እንደ ትልቅ ሰው ሳይሆን ልክ እንደ ልጅ፣ ቆዳ እስኪላጥ። ከዚያ ቀስ ብለው በዜማው ነው ያሉት፤

«እስኪሞቅ አትልቀቅ።»

አለቀስኩ። ሰርግ ላይ ማልቀስ ነውር ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን አለቀስኩ። እሳቸው እዚያው ትምህርት ቤት ተምረው እኔ ሳልገባ ነው የጨረሱት፤ ተያይተን አናውቅም። ያኔ ሹራብ አልነበረኝም አሉኝ። ከዚያ እኔ የማውቅ ይመስል ያችን መጨረሻዋን ለምን እንደቆረጧት ጠየቁኝ። ሰው ከበበን። ገንዘብ ያዡ ደንግጦ ምን ሆና ነው ሲል እሳቸው በአማርኛ መለሱለት።

«ምንም አልሆነችም። መምህራችን ትዝ ብሎን ነው።»

ገንዘብ ያዡ ዘፈኑን ሰማ፣ እኔን አየ፣ አንገቱን ደፋ። ያን ቀን ሌላ ቀልድ አላወጣም። ሰውዬውን ለፎቶ ጠሯቸውና ሄዱ። ስልካቸውን አልተቀበልኩም። ብፈልግ የት ይጠፋሉ፣ ሆሳዕና እኮ ናት። ግን ደውዬ ምን እላለሁ?

ቤቴ ስገባ እንደ ወትሮው ማንም አልነበረም። ለወንድሜ የድምፅ መልእክት ላኩለት። አሁን ግን አልጠየቅኩትም፣ ነገርኩት። አንድ ሰው አግኝቼ ቀኝ ሲባል ወደ ግራ እንደሄዱ፣ መጨረሻዋንም እንደሚያውቋት። ቀናት አለፉ።

ከዚያ ደወለ። ወንድሜ አይደውልም፣ ይጽፋል እንጂ። ስለ ሥራው፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለማይረባ ነገር አወራን። ሊዘጋው ሲል ቆም አለና «እጅሽ አሁንም ይበርዳል?» አለኝ።

«ይበርዳል» አልኩት።

«የሚያሽልሽ ሰው ፈልጊ እንግዲህ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተቋረጠ። አላስታውስም ያልከው ለምን ነበር ብዬ አልጠየቅኩትም። እዚያ ሆኖ ማስታወስ ከብዶት ኖሯል።

ዛሬም ብቻዬን ነኝ፤ እዋሻለሁ እንዴ። ማታ እጄን የማሞቀው በሻይ ብርጭቆ ነው። ዘፈኑም አልቆመም፤ ጠዋት ባጃጅ ስገባ ይከፈታል። ከ«ዙር» በኋላ ቀጥ ሲል እጄ ይዘረጋል፤ ድሮ በቦርሳ እሸፍነው ነበር፣ አሁን ተውኩት። ከጎኔ ያለው ተሳፋሪ ሂሳብ አቀብል ያልኩት ይመስለውና ያየኛል። ይየኝ። የሚይዘው ባይኖርም፣ ለምን እንደተዘረጋ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች አሉ።