ብርድ ነው የተባለው ሕመም

«ብርድ ነው» ሲሉ ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ሹሩባ ሠሪ ነኝ። ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ልጄን ያሳደግሁት በእነዚህ ጣቶች ነው። መጀመሪያ የጣቶቼ ጫፍ ደነዘዘ። ቀጥሎ እጄን በመርፌ እንደሚወጉኝ ይጠቀጥቀኝ፣ እግሬን ያቃጥለኝ ጀመር። ፀጉር መያዜን የማውቀው በዓይኔ እያየሁ ሆነ።

እህቴ «ብርድ መቶሽ ነው!» አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ተስማማ። እውነትም ይበርደኝ ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ ሹራብ እደርባለሁ። ስለዚህ ማንም አልተጠራጠረም። ፌጦ ቀቡኝ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር አስዋጡኝ። ጤና ጣቢያ ብሄድ «የነርቭ ነው» ተብሎ መርፌ ተወጋሁ። ሜክሲኮ አካባቢ ያገኘሁት ሐኪም ደግሞ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ጭንቀት ነው፤ ቀነስ አድርጊ» አለኝ። ምኑን ነው የምቀንሰው? እጄን እንኳ አልዳሰሰም!

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ሳልበላ ወፈርኩ፣ ድምፄም ጎረነነ። ደንበኞቼ «ሹሩባሽ ወዲያው ይፈታል» እያሉ ጥለውኝ ሄዱ።

በመጨረሻ ያየችኝ ወጣት ሐኪም ገና ሰላም ስላት «ድሮም ድምፅሽ እንዲህ ነው?» አለችኝ። ደም አስመርምራ አንገቴ ውስጥ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራውን እንደቀነሰ ነገረችኝ።

«ዶክተር፣ እንቅርት እኮ የለኝም!» ብዬ አንገቴን አሳየኋት።

«እንቅርት ሳይወጣም ዕጢው ይደክማል» አለች። ዕጢው የሚያመነጨው ሆርሞን ሲያንስ ሰውነት ያብጣል፣ እብጠቱ ነርቭ ይጫናል፣ ሲቆይ ነርቩ ራሱ ይጎዳል። ብርዱም፣ ውፍረቱም፣ ድምፁም የዚያው ነው። አንድ የደም ምርመራ! ያን ሁሉ ጊዜ እሱን ያዘዘልኝ ሰው ጠፋ።

አሁን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ክኒን እውጣለሁ። የእግሬ ማቃጠል ተወኝ፤ ግራ እጄም ዳነ። የቀኝ እጄ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ግን እስካሁን ስሜት የላቸውም። ሹሩባ ያለ እነሱ አይሆንም። ፀጉር አጥቤ፣ ጉንጎናውን ለሌላ ሴት እሰጣለሁ።

በቀደም ለክትትል ስሄድ፣ ይመለሱልኝ ይሆን ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኋት። ጣቶቼን ይዛ አገላብጣ አየቻቸው።

«ምናለ ቀደም ብለሽ መጥተሽ ቢሆን ኖሮ» አለችኝ፣ ከልቧ አዝና።

«መጥቼ ነበር!» ብዬ ጮህኩ። «መጥቼ ነበር እኮ!» የጮህኩት ከሐኪሞቹ ሁሉ መካከል ብቻዋን በሰማችኝ በእሷ ላይ ነበር።