ከሥልጣን የተነሣው ዳንቴል

በደብረ ታቦር ከተማ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ የባለጉዳይ መስኮት ላይ በታማኝነት ሲያገለግል የቆየ ነጭ ዳንቴል ከሥልጣኑ መነሣቱን የምገልጸው በታላቅ ኀዘን ነው። ማንም መግለጫ ስላላወጣ እኔ አወጣሁ።

ትናንት ጠዋት አክስቴን እቴቴ ብርቄን ይዤ የጤና መድን ወረቀታቸውን ላሳድስ ሄድሁ። ከአንበሳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው የመጡት። የዐይናቸው ሞራ የሚገፈፍበት ቀጠሮ ለዛሬ ነበር። ወረቀቱ ካልታደሰ ሐኪም ቤቱ አያስገባቸውም፤ ይሄ ተራ ካለፈ ደግሞ ሌላው መቼ እንደሚደርሳቸው የሚያውቅ አንድ አምላክ ነው።

መስኮቱ ላይ ሁለት ስክሪን አለ። አንዱ ወደ ሠራተኛው፣ አንዱ ወደ እኛ የዞረ። የእኛው የተገዛው ባለጉዳይ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ቀበሌውን ሳይታተም በፊት አይቶ «ልክ ነው» እንዲል ነው ተብሎ ነበር። ግልጽ አሠራር! ግልጽነቱ ግን ከላይ እስከ ታች ዳንቴል ለብሷል። አናቱ ላይም የፕላስቲክ አበባ ተደርጎለታል።

«ወንድሜ፣ ይሄ ለምን ተሸፈነ?» አልሁት ሠራተኛውን።

«አይሠራም። የመብራት ገመድ ሳይኖረው ነው የመጣው። እስኪላክልን አቧራ እንዳይጠጣ ብለን ነው።» ቀና እንኳ አላለም።

«እሺ፣ የአክስቴን ወረቀት...»

«ሲስተም የለም።»

«መቼ ይመጣል?»

«ሲመጣ ይመጣል። ተቀመጡ።»

ተቀመጥን። አግዳሚው ሞልቷል። ሠራተኛው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ማውሱን ጠቅ... ጠቅ... ያደርጋል። ሲስተም እየፈለገልን መስሎኝ አዘንሁለት።

እቴቴ ክንዴን ጎተት አደረጉኝ። «አንተ ልጅ... ጨርቁ ያበራል።»

«የዐይንዎ ሞራ ነው እቴቴ። አጥርተው ስለማያዩ ነው።»

«ሞራ አረንጓዴ ሆኖ ያውቃል?»

ብድግ ብለው ሄዱና ዳንቴሉን እንደ ሙሽራ ዐይነ ርግብ ገለጥ አደረጉት።

ጉድ! ለካ እንዲህ ያለው ስክሪን የመብራት ገመድ ጭራሽ አያስፈልገውም። ከጀርባው የወጣችው ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ መብራቱንም ሥዕሉንም ከኮምፒውተሩ ታመጣለታለች። እሷ ደግሞ ከተሰካች ከርማለች። ልጁ የሚያየውን ሁሉ ለዳንቴሉ ስታሳየው ኖራለች ማለት ነው።

የሚያየውም ካርታ ነበር። አረንጓዴ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ፣ ብቻን የሚጫወቱት ካርታ!

ደሜ ፈላ። ልናገር አፌን ስከፍት አንድ ጋቢ የደረቡ፣ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ከኋላዬ ቀደሙኝ። የሁላችንን ንዴት ሊወጡልን ነው ስል...

«ሰባቷን ስምንቷ ላይ አድርጋት እንጂ! ፊትህ ተቀምጣ!»

ልጁ ሰባቷን አነሣና ስምንቷ ላይ አደረጋት። ከዚያ እጁ ደረቀ። ቀስ ብሎ ቀና አለ።

እቴቴ የዳንቴሉን ጫፍ እንደያዙ ቆመዋል። «ልጄ፣ ሲስተም የሚሉት ይሄን ነው?»

«አሁን... አሁን መጣ፣ እማማ።»

መጣም! የእቴቴ መረጃ እኛ ፊት ቁልጭ ብሎ ወጣ። ስም... ልክ። ቀበሌ... ልክ። ጾታ... ወንድ።

«ወንድ?!» ብዬ ጮህሁ። ይሄ ታትሞ ቢሆን አክስቴ ከሐኪም ቤቱ በር ይመለሱ ነበር። ስንቱ ባለጉዳይ በዚህ ዳንቴል ጥላ ሥር ጾታው ተቀይሮ ቤቱ እንደገባ እግዜር ይወቀው።

ሹፌሩ «ቆይ፣ እኔንስ ምን አድርገኸኛል?» ሲሉ አግዳሚው በሙሉ ተነሥቶ መስኮቱን ከበበው። እኛ ግን «ሴት» ተብለን፣ ታትሞልን ወጣን።

ዛሬ ማልጄ የረሳሁትን ጃንጥላ ልወስድ ጎራ አልሁ። መሥሪያ ቤቱ አስቸኳይ የእርምት እርምጃ ወስዷል። ዳንቴሉ ተነሥቷል። በምትኩ ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም ከፋይ ጨርቅ ተሹሟል። አበባው በሥራ ገበታው ላይ ይገኛል።

ይሄን የምጽፈው ሐኪም ቤቱ ደጅ ተቀምጬ ነው። እቴቴ ገብተዋል።

ማስተካከያ፦ ከላይ ስለ እቴቴ ብርቄ «አጥርተው ስለማያዩ ነው» በሚል የተሰጠው አስተያየት ስሕተት ሆኖ ስለተገኘ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። በዚያ ክፍል ውስጥ አጥርተው ያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ... ያውም በሞራ ዐይን፣ ያውም በዳንቴል ቀዳዳ።