በበዓለ ሃምሳ የሰገድኩት

መጀመሪያ ያየሁት ጣሪያውን ነው። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አንዱ በብብቴ፣ ሌላው በጉልበቴ ይዘው አምጥተው በጀርባዬ ስላስተኙኝ ሌላ የማየው ነገር አልነበረም። ቆርቆሮው በሚስማር ቀዳዳ ተበሳስቷል፤ በየቀዳዳው ቀጭን ብርሃን ይወርዳል፤ በብርሃኑ ውስጥ የእህል ብናኝ ይንሳፈፋል። ቦታው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በረሃቡ ጊዜ፣ የእርዳታ ስንዴ ይከማችበት የነበረ የመካነ ሰላም መጋዘን ነው። ስንዴው አልቆ እኛ ገባንበት፤ ነቀዙ ግን አልለቀቀም፣ ከጆንያው ላይ እየተነሳ አንገታችን ውስጥ ይገባ ነበር።

የወሰዱኝ ከክፍል ነው፣ ጂኦግራፊ ሳስተምር። የየትኛው ድርጅት አባል እንደሆንኩ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁ ነበር። እኔ አላውቅም ባልኩ ቁጥር እጄንና ጉልበቴን አስረው፣ በእንጨት ላይ ዘቅዝቀው፣ ውስጥ እግሬን ይገርፉታል። ወፌ ላላ ይሉታል። ወደ መጋዘኑ ስገባ እግሮቼ እንደ ቦካ ሊጥ አብጠው ከቁርጭምጭሚቴ በታች ጣቶቼን መለየት አይቻልም ነበር።

እዚያ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። አልፎ አልፎ ከደሴ መኪና ይመጣል፤ እስረኛ ይጭናል። የሚሄደው በእግሩ ወጥቶ መሳፈር የቻለ ብቻ ነው። ደሴም እስር ቤት ነው፤ ነገር ግን ቤተሰብ ስንቅ የሚያቀብልበት በር አለው፣ ስምህን የሚጠራ ሰው አለ። መቆም ያልቻለ እዚሁ ይቀራል። የቀሩት የት እንደገቡ የነገረን አልነበረም። አንድ ቀን ከቀሩት የአንዱን ሹራብ አንድ ጠባቂ ለብሶት አየንና ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተውነው።

አጠገቤ የሚተኙት እዚያው አቅራቢያ ካለችው ማሻ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ ሙስሊም ናቸው። እህል ደብቀሃል ተብለው ነው የታሰሩት። የደበቁት ለዘር ያስቀመጡትን ገብስ ነው። ረሃቡ ልጆቻቸውን ወስዶባቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ የዘር እህል አሳልፌ ከምሰጥ ይግደሉኝ ባይ ሆነው ነበር። «አባቴ» እላቸዋለሁ። «ልጄ» ይሉኛል። ጥግ ላይ ለመጸዳጃ ከተቀመጠው ግማሽ በርሜል ለመድረስ ግራና ቀኝ ሰው ይደግፈኝ ነበር፤ በአንድ በኩል ሁልጊዜ እሳቸው ነበሩ።

ይህ ድጋፍ ከግርፋቱ ይልቅ ጎዳኝ። ኩታበር ነው ያደግኩት፤ ደሴ እየተመላለስኩ ስማር ዳገቱን ከበቅሎ ቀድሞ ይወጣል ይባልልኝ ነበርና በእግሬ የማልጎርርበት ሰው አልነበረም። ያ ሰውዬ አሁን ሰው ሱሪውን ይፈታለታል፤ ሲጨርስ ሰው ያነሳዋል። ሌሎቹ ፊታቸውን ያዞሩልኛል፤ ማዞራቸውም ያሳፍረኛል። ማታ ማታ ውሃ መጠጣት ሁሉ ተውኩ።

እብጠቱ ሲጎድል ግድግዳ ይዤ ጉልበቴን ማጠፍና መዘርጋት ጀመርኩ። ጠባቂያችን ከዚያው አገር የገበሬ ልጅ ነው፤ ማተቡን በካኪ ኮሌታው ስር ይደብቃል። አየኝና በሰደፍ ጎኔን መታኝ።

«ምን ልትሆን ነው? ለማምለጥ ነው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጅና እግር ማፍታታት ክልክል ሆነ። የእኔም ተስፋ ተቆረጠ። የመኪናው ድምፅ በሩቅ የተሰማኝ እየመሰለኝ ቀን በቀን ላብ ያጠምቀኝ ነበር።

ሕማማት ገባ። ክርስቲያኖቹ እስረኞች ተነስተው መስገድ ጀመሩ። ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ ያያል፤ አይከለክልም። ሽማግሌው ሰላታቸውን ጨርሰው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ከእነዚህ ጋር የማትሰግደው ለምንድን ነው?»

«እኔ እኮ አላምንም፣ አባቴ።» እውነቴን ነው። በዚያ ዘመን እግዜርን ከመሬት ከበርቴው ጋር አብሬ አባርሬው ነበር።

«ማመኑን ኋላ ታደርሰዋለህ። አሁን ጉልበትህን እጠፍ። ይሄ ልጅ ለስግደት አይመታህም።»

ሰገድኩ። የመጀመሪያው ቀን ግንባሬ አፈሩን ከነካ በኋላ መነሳት አቅቶኝ እዚያው ቀረሁ፤ ሽማግሌው ቀበቶዬን ይዘው ጎትተው አነሱኝ። «አብሽር፣ አብሽር» ይሉኛል በጆሮዬ። ውስጥ እግሬ እንደገና ይቀደዳል፤ ጆንያው ላይ የውሃና የደም ምልክት ይተዋል። ጠባቂው ደግሞ አማኝ መስዬው ነው መሰለኝ፣ እኔን ሲያይ ጠመንጃውን ዝቅ ያደርጋል። ስቅለት ዕለት ሌሎቹ በለቅሶ ሲሰግዱ እኔ ጥርሴን ነክሼ ጉልበቴን እሰማ ነበር። ያን ቀን ግድግዳ ይዤ ብቻዬን ተነሳሁ።

ፋሲካ አልፎ ጥቂት ቀን እንደሆነ፣ አንድ ጠዋት፣ ምንም ሳልይዝ ተነሳሁ። ቆምኩና እግሬን አየሁት። ከዚያ ማንንም ሳልጠራ ወደ በርሜሉ ሄድኩ፤ ሱሪዬን ራሴ ፈታሁ፤ ቁጢጥ አልኩ፤ ተነሳሁ። ስመለስ ሰው ሁሉ ያየኛል። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፣ ዲፕሎማዬን የተቀበልኩ ዕለትም ቢሆን። ሽማግሌው መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳልፈው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ያን ቀን ውሃ እስክጠግብ ጠጣሁ።

ሌሎቹ ከፋሲካ በኋላ መስገዱን ትተዋል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ በዓለ ሃምሳ በምንለው ጊዜ፣ አይጾምም፣ አይሰገድም። ይህን በልጅነቴ አውቀው ነበር። እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ እግሬ ላይ ስለነበር ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ሽማግሌው የእኛን ሥርዓት አያውቁትም። የሚያውቁትም እስረኞች የማደርገው ገብቷቸው ጠባቂው እንዳይነቃ ብለው ዝም አሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግንባሬን ደፍቼ ሳለ የጠባቂው ጫማ ከፊቴ ቆመ።

«አንተ፣ በሃምሳ ይሰገዳል እንዴ?»

ቀና አልኩ።

«ጌታ ከተነሳ በኋላ ማን ነው ግንባሩን የሚደፋው? የማን ልጅ ነህ?»

«ስፖርት ነው» አልኩት።

ሳቀ። «አንድ እፍኝ ቆሎ እየበላህ? ስፖርት የሚሠራ የጠገበ ሰው ነው። እውነቱን ንገረኝ።»

እውነቱን ነግሬው ነበር። አፈሙዙን ደረቴ ላይ አደረገው። በዚህ ጊዜ ሽማግሌው ከተቀመጡበት ተናገሩ።

«ልጁን ተወው። ከእኔ ጋር ነው የሚሰግደው። ሰላት እያስተማርኩት ነው።»

ጠባቂው ወደ እሳቸው ዞረ። ይህ ገባው። ወሎ ውስጥ አንዱ ወንድም የሰለመበት፣ ሌላው ክርስቲያን የሆነበት ቤት ሞልቷል፤ ከስፖርቱ ይልቅ ይህ ያስኬዳል። «ሐሰት ነው፤ ምንም አላስተማሩኝም፤ እግሬን ለማጠንከር ነው» ብዬ ጮህኩ። ልከላከልላቸው የዋሸሁ መስሎት ገፈተረኝ። ለአለቆቹ ነገራቸው። አለቆቹ ሃይማኖቱ አላሳሰባቸውም፤ እስረኛ ማደራጀት ነው አሉ። ሽማግሌውን ወሰዷቸው።

ሲመልሷቸው አንዱ በብብታቸው፣ ሌላው በጉልበታቸው ይዟቸው ነበር። እግራቸውን አየሁትና አለቀስኩ።

«ለምን እንዲህ አደረጉ፣ አባቴ? ምን በደልኩዎት?»

«ምንም አልበደልከኝም። ወላሂ፣ ልጄ፣ ሰው ሲያነሳህ ማየቱ ሰልችቶኝ ነበር። ስትቆም ደስ አለኝ። ይኸው ነው።»

ከዚያ በኋላ ወደ በርሜሉ የምደግፋቸው እኔ ነበርኩ። እንደኔ ውሃ መጠጣት ሊተዉ ፈልገው ነበር፤ እምቢ ብዬ በግድ አጠጣኋቸው። መኪናው ትንሽ እንዲዘገይ ለመንኩ፤ ማንን እንደምለምን ሳላውቅ ለመንኩ። መኪናው ግን በዚያው ሳምንት መጣ። የበልግ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጭቃው አላሳልፍ ብሎት ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ቆመ። ጠባቂው በሩን ከፈተ።

«በእግሩ የሚሄድ ይውጣ።»

ጎንበስ ብዬ ሽማግሌውን አዘልኳቸው። ምንም አይከብዱም ነበር። ጉልበቴ አልከዳኝም፤ በሩ ድረስ ደረስኩ።

«አውርዳቸው» አለ ጠባቂው። «ማንም ማንንም አይሸከምም። ትእዛዝ ነው።»

«አንተው ነህ ያስገረፍካቸው። አሳልፈኝ።»

ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ከኋላው የቆመው ሌላው ጠመንጃውን አቀባበለ። ሽማግሌው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ።

«መልሰኝ። ወደ ግድግዳው ውሰደኝ።» ወሰድኳቸው። ላስቀምጣቸው ዝቅ ስል ያዙኝ። «አይ፣ አቁመኝ።»

«ያምዎታል፣ አባቴ።»

«አቁመኝ አልኩህ። ተኝቼ አልሰናበትም።»

በሁለት እጄ ብብታቸውን ይዤ አቆምኳቸው። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አደረጉ፤ ፊታቸው ላብ በላብ ሆነ። እግራቸው መሬት ሲነካ አንዴ ብቻ «ያ ረቢ» አሉ። ቀስ ብዬ እጄን ለቀቅሁ። ቆሙ።

«በል ሂድ። ሳታነክስ ሂድ፤ ልይህ።»

ሄድኩ። እያንዳንዱ እርምጃ እስከ ወገቤ ይሰማኝ ነበር፤ አላነከስኩም። በሩ ጋ ስደርስ ዞርኩ። ቆመው ያዩኛል።

ከደሴ እስር ቤት ከተፈታሁ በኋላ ማሻ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ። አልተመለሱም፤ መቃብርም የለም። ዛሬ እኔም ሽማግሌ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ጉልበቴን አጥፌ ግንባሬን ወለል አስነክቼ ምንም ሳልይዝ እነሳለሁ፤ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ጉልበቴን ስታደንቅልኝ ደስታዬን መደበቅ አልችልም። ልጄ «አባባ ደግሞ ጉራው» ትለኛለች። ጉራ ነው፤ አልክድም። ይህን እግር ይዤ ብዙ አገር ሄጃለሁ፤ ልጆች አሳድጌበታለሁ። ግን ከመጋዘኑ ከወጣሁበት ሰዓት ወዲያ ያለውን ማሰብ እስከ ዛሬ አልሆነልኝም። በሩ ተዘግቷል፤ እሳቸው ግድግዳውን ይዘዋል። ያቆምኳቸው እኔ ነኝ። ማን እንዳስቀመጣቸው አላውቅም።